እውነተኛ የፀሐይ ሰዓት በቻይና የልደት ቀመር፦ በጂንካ ኬንትሮስ ላይ የተደረገ ስሌት

በጂንካ ከተማ ፀሐይ ከዓመት እስከ ዓመት በአንድም ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ አትወጣም። በግንቦት መጨረሻ ቀደም ስትል 12፡18 ገደማ፣ በጥር መጨረሻ ዘግየት ስትል ደግሞ 12፡51 ገደማ ላይ ብቅ ትላለች። ቀንን ከንጋት በሚቆጥር ሕዝብ ዘንድ ይህ ልዩነት ትኩረት አይስብም፤ ሰዓቱን የሚያስተካክለውም የሚዘነጋውም ልማድ ነው። የልደትን ቅጽበት በሁለት ሰዓት ክፍል ውስጥ አስገብቶ ከዚያ የሰውን ባሕርይ ለሚያነብ ሥርዓት ግን ልዩነቱ ውጤትን ይለውጣል። ይህ ጽሑፍ በቻይናው የልደት ቀመር ውስጥ «እውነተኛ የፀሐይ ሰዓት» የሚባለው ማስተካከያ በጂንካ ለተወለደ ሰው ቢሠራ ምን እንደሚለውጥ፣ የተመዘገበው ሰዓት ራሱስ ማስተካከያውን ምን ያህል እንደሚሸከም ይመረምራል። ቀመሩ ስለ ሰው ዕጣ እውነት ይናገር እንደሆነ ጥያቄያችን አይደለም፤ የምንፈትሸው ሥርዓቱ በራሱ ሕግ ወጥነት ባለው መንገድ መሠራቱን ብቻ ነው።

ቀመሩ «አራቱ ዓምዶች» ወይም «ስምንቱ ፊደላት» በመባል ይታወቃል። የልደቱ ዓመት፣ ወር፣ ቀንና ሰዓት እያንዳንዳቸው አንድ ዓምድ ይሆናሉ፤ እያንዳንዱም ዓምድ ከአሥሩ «ሰማያዊ ግንዶች» አንዱን ከአሥራ ሁለቱ «ምድራዊ ቅርንጫፎች» አንዱን ይይዛል። ከሁለቱ ጥምረት 60 መደብ ያለው ዑደት ይገኛል። ባለ ልደቱን ራሱን የሚወክለው የቀኑ ግንድ ነው፤ ሌሎቹ ሰባቱ ፊደላት ከእርሱ ጋር ባላቸው ዝምድና ይተረጎማሉ። ትውፊቱ የሰዓቱን ዓምድ አካትቶ ሥርዓቱን የደነገገው በሶንግ ሥርወ መንግሥት መባቻ የኖረው ሹ ዚፒንግ ነው ይላል።

የሰዓቱ ዓምድ ቀንና ሌሊቱን በአሥራ ሁለት ድርብ ሰዓቶች ይከፍላል። የአይጥ ሰዓት እኩለ ሌሊትን መካከል አድርጎ ከምሽቱ 5 እስከ ሌሊቱ 7 ይዘልቃል። የጥንቸል ሰዓት ከሌሊቱ 11 እስከ ጠዋቱ 1፣ የዘንዶ ሰዓት ከ1 እስከ 3፣ የእባብ ሰዓት ከ3 እስከ 5፣ የፈረስ ሰዓት ከ5 እስከ 7 እያለ ይቀጥላል። የዶሮ ሰዓት የሚውለው ከምሽቱ 11 እስከ 1 ነው፤ ዶሮን ከሌሊት ጩኸቱ ጋር ለሚያያይዝ ኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ቢመስልም ቻይናውያን ያሰቡት ዶሮ ወደ ቆጡ የሚወጣበትን ጊዜ ነው። በእኛም አቆጣጠር ሆነ በዓለም አቀፉ ድንበሮቹ ሁልጊዜ በጎዶሎ ሰዓቶች ላይ ይወድቃሉ፤ የሁለቱ አቆጣጠሮች ልዩነት ስድስት ሰዓት ማለትም ሦስት ድርብ ሰዓት ስለሆነ ነው። ስለዚህም «ከጠዋቱ 1፡20» የሚለውን የአገራችንን ሰዓት ሳይመልስ ወደ ኮምፒውተር ማስያ ያስገባ ሰው ስሕተቱ ሁልጊዜ በትክክል ሦስት ቅርንጫፍ ይሆናል። ይህ ዓይነቱ ስሕተት ትልቅ ነው፤ ሆኖም መጠኑ ቋሚ በመሆኑ ከተደረሰበት በቀላሉ ይታረማል። ከዚህ በታች የምናየው ግን ትንሽና ተለዋዋጭ በመሆኑ ይሸሸጋል።

በጥንቱ ቻይና የፀሐይ ሰዓትን «እውነተኛ» ብሎ መለየት አላስፈለገም። ጥላ ቆጣሪውም ሆነ በቀትር የሚስተካከለው የውኃ ሰዓት የየቦታውን ሰማይ ይከተሉ ነበር። ችግሩን የወለደው መደበኛ ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1949 ወዲህ መላዋ ቻይና የምትተዳደረው በምሥራቅ 120 ዲግሪ ኬንትሮስ ሰዓት ነው። ቤጂንግ በ116.4 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ከዚህ ሰዓት በ14 ደቂቃ ብቻ ትለያለች፤ በምዕራብ ጫፍ በ76 ዲግሪ አካባቢ የምትገኘው ካሽጋር ግን ወደ ሦስት ሰዓት በሚጠጋ ልዩነት ትኖራለች። እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1991 በበጋ ወራት ሰዓት አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋ ስለነበር የዚያ ዘመን ልደቶች ተጨማሪ ቅናሽ ይጠይቃሉ። በባለሙያዎቹ መካከል ዛሬም ስምምነት የለም። አንዳንዶች መደበኛውን ሰዓት እንዳለ ይወስዳሉ፤ ሌሎች የኬንትሮሱን ልዩነት ብቻ ያስተካክላሉ፤ ሦስተኞቹ ደግሞ በዚህ ላይ «የጊዜ እኩልዮሽ» የሚባለውን ይጨምራሉ። እውነተኛ የፀሐይ ሰዓት የሚባለው የሦስተኞቹ ነው። ሥርዓቱ ሰዓትን የሚረዳው ፀሐይ በተወለዱበት ቦታ ሰማይ ላይ ባላት ሥፍራ ከሆነ፣ ከሦስቱ የራሱን መነሻ የሚያከብረው የኋለኞቹ አሠራር መሆኑ ግልጽ ይመስለናል።

ወደ ጂንካ እንምጣ። የኢትዮጵያ መደበኛ ሰዓት የተመሠረተው በምሥራቅ 45 ዲግሪ ኬንትሮስ ላይ ነው። ይህ መስመር አገራችንን የሚነካው በሶማሌ ክልል፣ ከዋርዴር ከተማ ጥቂት በስተምዕራብ ነው። ጂንካ ያለችው በ36 ዲግሪ ከ34 ደቂቃ አካባቢ በመሆኑ ከመስመሩ በ8.43 ዲግሪ ትርቃለች። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት ልዩነቱ ወደ 34 ደቂቃ ይጠጋል። (በአዲስ አበባ 25 ደቂቃ ነው። በኦሞራቴ ከጂንካ በሁለት ደቂቃ ያህል ስለሚበልጥ ለዞኑ በጠቅላላ አንድ ቁጥር መጠቀም ብዙ አያስነቅፍም።) የጊዜ እኩልዮሽ የሚመነጨው የምድር ምሕዋር ሞላላ፣ ዘንጓም ያዘነበለ በመሆኑ ነው። በተራ ዓመት የካቲት 4 ቀን አካባቢ ፀሐይ ከአማካዩ ሰዓት በ14 ደቂቃ ወደኋላ ትቀራለች፤ ጥቅምት 24 ቀን አካባቢ ደግሞ በ16 ደቂቃ ተኩል ገደማ ትቀድማለች። በመካከል በግንቦት መጀመሪያ ወደ አራት ደቂቃ የሚጠጋ መቅደም፣ በሐምሌ አጋማሽ ደግሞ ስድስት ደቂቃ ተኩል መዘግየት አለ። ሁለቱ ሲደመሩ በጂንካ ከመደበኛው ሰዓት የሚቀነሰው በጥቅምት መጨረሻ 17፣ በግንቦት መጀመሪያ 30፣ በሐምሌ አጋማሽ 40፣ በየካቲት መጀመሪያ 48 ደቂቃ ይሆናል። ቁጥሩ ከወቅት ወቅት ቢለዋወጥም ምልክቱ አይለወጥም፤ ሁልጊዜ ይቀነሳል።

ምሳሌ እንውሰድ። የካቲት 4 ቀን ከጠዋቱ 1፡30 ላይ በጂንካ ሕፃን ተወለደ እንበል። በመደበኛው ሰዓት ይህ የዘንዶ ሰዓት ነው። 48 ደቂቃ ሲቀነስ ግን ከንጋቱ 12፡42 ይሆናል፤ ሕፃኑ የተወለደው በጥንቸል ሰዓት ነው ማለት ነው። በዚያ ዕለት ፀሐይ ከወጣች ገና 40 ደቂቃ ቢሆናት ነው፤ የጥንቸል ሰዓት የፀሐይ መውጫ ሰዓት መሆኑን ያስታወሰ በውጤቱ አይገረምም። ልደቶች በቀኑ ሰዓታት ሁሉ እኩል ተሰራጭተዋል ብንል፣ ከ120 ደቂቃ ውስጥ በአማካይ 34ቱ ድንበር ስለሚሻገሩ 28 በመቶ የሚሆኑት የሰዓት ዓምዳቸው ይለወጣል።

ይህ 28 በመቶ ግን የሚሠራው ሰዓቱ እስከ ደቂቃው በትክክል ከተመዘገበ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው «በ2 ሰዓት»፣ «በ3 ሰዓት» የሚል ወደ ሙሉ ሰዓት የተጠጋጋ መልስ ነው። ስሌቱ ያልተጠበቀ ነገር የሚያሳየውም እዚህ ላይ ነው። «በ3 ሰዓት» የሚለውን ከ2፡30 እስከ 3፡30 ያለ ጊዜ አድርገን ብንወስደው፣ ያለ ማስተካከያ ድንበሩ መካከሉን ይቆርጠዋል፤ ዘንዶም እባብም የመሆን ዕድሉ እኩል ነው። 34 ደቂቃ ሲቀነስ ግን ከ1፡56 እስከ 2፡56 ይሆንና በሙሉ በዘንዶ ሰዓት ውስጥ ይወድቃል። «በ2 ሰዓት» የሚለው ከ12፡56 እስከ 1፡56 ስለሚሆን ከድንበሩ ውጭ የሚቀረው 4 ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ በጂንካ የማስተካከያው ጥቅም ደቂቃን ማጥራት ሳይሆን የጎዶሎ ሰዓቶችን አሻሚነት ማስወገድ ነው። ማስተካከያው ልክ 30 ደቂቃ ቢሆን እያንዳንዱ የተጠጋጋ ሰዓት ያለ አንዳች ጥርጥር አንድ ድርብ ሰዓት ያገኝ ነበር፤ የጂንካ ኬንትሮስ በአጋጣሚ ከዚህ ነጥብ በአራት ደቂቃ ብቻ ይርቃል፤ በግንቦት መጀመሪያ ደግሞ እዚያው ላይ ይደርሳል።

በሌሎቹ ወራት ሁኔታው ይህን ያህል የተመቸ አይደለም። በየካቲት መጀመሪያ ሙሉ ሰዓቶቹ (2፣ 4፣ 6 እና የመሳሰሉት) ከ60 ደቂቃቸው 18ቱ ወደ ቀዳሚው ድርብ ሰዓት ይሻገራሉ። በጥቅምት መጨረሻ ደግሞ ከጎዶሎዎቹ 13 ደቂቃ ወደ ተከታዩ ያመልጣል። የጊዜ እኩልዮሽን የሚንቁ ባለሙያዎች በጂንካ የሚያጡት ይህንን ነው። ከመስከረም የመጀመሪያ ቀናት እስከ ታኅሣሥ የመጀመሪያ ሳምንት ማስተካከያው ከ30 ደቂቃ በታች ስለሚሆን፣ በእነዚያ ወራት «1 ሰዓት ተኩል» ተብሎ የተመዘገበ ልደት በዘንዶ ሰዓት ይጸናል፤ በቀሪው ዓመት ግን ወደ ጥንቸል ይመለሳል። አንድ ዓይነት መዝገብ በወቅት ልዩነት ብቻ ሁለት ዓይነት ዓምድ ይሰጣል ማለት ነው።

ማስተካከያው የሚነካው የትኛውን ዓምድ ነው? የሰዓቱንና፣ በድንበር አካባቢ፣ የቀኑን ብቻ ነው። የዓመቱና የወሩ ዓምዶች የሚለወጡት ፀሐይ በሰማይ መንገዷ ላይ ወደ ተወሰኑ ነጥቦች ስትደርስ ነው፤ ያ ቅጽበት ደግሞ ለዓለም ሁሉ አንድ ነው። ይህን የሚዘነጋ ሰው ለትክክለኛነት ሲል ስሕተት ይፈጥራል። የዓመቱ ዓምድ መለወጫ የሆነው ሊቹን እ.ኤ.አ. በ2021 የዋለው በፌብሩዋሪ 3 በቻይና ሰዓት ከምሽቱ 4፡58 ነበር። ቻይና ከእኛ በአምስት ሰዓት ስለምትቀድም በኢትዮጵያ ጥር 26 ቀን 2013 ዓ.ም. ከምሽቱ 11፡58 ነው። በዚያ ምሽት 12፡20 ላይ በጂንካ የተወለደ ሕፃን ቅጽበቱን ስላለፈ የአዲሱ ዓመት፣ የበሬው ዓመት፣ ልጅ ነው። ልደቱን አስቀድሞ ወደ እውነተኛ የፀሐይ ሰዓት ለውጦ 11፡32 ካደረገ በኋላ ከሊቹን ጋር የሚያነጻጽር ግን በአይጥ ዓመት ይመድበዋል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ዓመቱንና ወሩን በመደበኛ ሰዓት መወሰን፣ ከዚያም ለሰዓቱና ለቀኑ ብቻ ማስተካከያውን መቀነስ ነው። የሕፃኑ የሰዓት ዓምድ በሁለቱም መንገድ የዶሮ ሰዓት ሆኖ ይቀራል፤ ስሕተቱም ሳይታይ የሚያልፈው በዚህ ምክንያት ነው።

እስከ አሁን የተመዘገበው ሰዓት ከእጅ ወይም ከግድግዳ ሰዓት የተነበበ ነው የሚል ግምት ይዘን ቆይተናል። በደቡብ ኦሞ፣ በተለይም በቤት ውስጥ ለተወለዱ ሰዎች፣ ይህ ግምት ሁልጊዜ አይሠራም። «ፀሐይ ስትወጣ»፣ «ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን»፣ «ከብት ሲሰማራ» የሚል ምስክርነት አስቀድሞ የፀሐይ ሰዓት ነው። ጸሐፊው «ፀሐይ ስትወጣ» የሚለውን «12 ሰዓት» ብሎ ከጻፈ በኋላ አስሊው 34 ደቂቃ ሲቀንስ ማስተካከያው ሁለት ጊዜ ተሠራ ማለት ነው። በጂንካ ግን ይህ እጥፍ ቅናሽ ብዙ ጊዜ ጉዳት አያደርስም። ንጋት፣ ቀትር፣ ምሽትና እኩለ ሌሊት የጥንቸል፣ የፈረስ፣ የዶሮና የአይጥ ሰዓቶች እምብርት ላይ ስለሚገኙ ከድንበራቸው 60 ደቂቃ ይርቃሉ፤ የጂንካ ማስተካከያ ደግሞ ከ48 ደቂቃ አይበልጥም። በካሽጋር ቢሆን ግን ይኸው አሠራር ንጋትን ወደ ሌሊት ይገፋው ነበር። ጉዳቱ የሚመጣው በእነዚህ በአራቱ መካከል ባሉ ምስክርነቶች ነው። «ከብት ሲሰማራ» የሚለውን አንዱ ጸሐፊ 1 ሰዓት ተኩል፣ ሌላው 2 ሰዓት ብሎ ቢተረጉመው፣ በየካቲት የመጀመሪያው ወደ ጥንቸል ሲመለስ ሁለተኛው በዘንዶ ይቀራል። እንዲህ ዓይነቱን ምስክርነት ወደ ቁጥር ሳይለውጡ በቃሉ መመዝገብ፣ ድርብ ሰዓቱንም በቀጥታ ከፀሐይዋ ሥፍራ መወሰን ይሻላል።

ሰዓትን ከፀሐይ መንገድ ማንበብ ለአገራችን ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። ኦቶ ኖይገባወር እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው የኢትዮጵያ ሥነ ፈለክና የዘመን ቀመር ጥናት ከመረመራቸው መካከል የሰው ጥላ በእግር እየተለካ ሰዓት የሚታወቅባቸው የግእዝ ሰንጠረዦች ይገኛሉ። ባሕረ ሐሳብም ዕለትን በ60 ኬክሮስ ይከፍላል፤ አንዱ ኬክሮስ 24 ደቂቃ ስለሆነ አንድ የቻይና ድርብ ሰዓት በትክክል አምስት ኬክሮስ ነው። (ቃሉ ዛሬ በጂኦግራፊ ለሌላ ትርጉም መዋሉ አንባቢን እንዳያሳስት።) የእኛው ዐውደ ነገሥት ግን ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው፤ የባለቤቱንና የእናቱን ስም የፊደል ቁጥር ደምሮ ለ12 ስለሚገድፍ ከሐመል እስከ ሑት ያለውን ኮከብ የሚያገኘው የልደት ሰዓት ሳይጠይቅ ነው። ሰዓት በማይመዘገብበት ኅብረተሰብ ይህ ድክመት አይደለም፤ ይልቁንም ከመረጃው ዓይነት ጋር የተስማማ ሥርዓት ነው ማለት ይቻላል። በዚያው በደቡብ ኦሞ በሙርሲ ሕዝብ ላይ ዴቪድ ቱርተንና ክላይቭ ራግልስ እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳተሙት ጥናት ጉዳዩን ወደ ወር ደረጃ ያወጣዋል። ሙርሲዎች «ቤርጉ» የሚሉትን የጨረቃ ወር በቁጥር ይጠራሉ፤ ሆኖም በአንድ በተወሰነ ጊዜ ስንተኛው ቤርጉ ላይ እንዳሉ ሰዎች በግልጽ ይከራከራሉ፤ ክርክሩም የሚፈታው ወቅቱ ካለፈ በኋላ በኦሞ ወንዝ ሙላትና በመሰል ምልክቶች ነው። ከእንዲህ ዓይነት ትውስታ የተገኘ ልደት የወር ዓምዱ ራሱ አከራካሪ ስለሆነ 34 ደቂቃ መቀነስ ትርጉም የለውም።

በከተማው መዝገቦች ላይ ከሁሉ የከበደው ጉዳይ ግን የቀኑ ስም ነው። «ሰኞ ሌሊት በ8 ሰዓት» የሚለውን አንዱ ሰኞ የጀመረው ዕለት ሳያልቅ የመጣ ሌሊት አድርጎ ይረዳዋል፤ ይህም ለማክሰኞ አጥቢያ የሆነው ሌሊት ነው። ዕለቱን ከእኩለ ሌሊት የሚቆጥረው ደግሞ ሰኞ ከመንጋቱ በፊት ያለውን ያስባል። በመካከላቸው የ24 ሰዓት ልዩነት አለ። የቀኑ ዓምድ ሲለወጥ ባለ ልደቱን የሚወክለው ግንድ ይለወጣል፤ የሰዓቱ ግንድ ከቀኑ ግንድ ስለሚመነጭ እርሱም አብሮ ይለወጣል። ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋት የተወለደን ሰው በተመለከተ ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ለየትኛው ቀን አጥቢያ?» የሚለው ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የፀሐይ ሰዓት ነው፦ ቀኑ የሚለወጠው በአይጥ ሰዓት መግቢያ ነው በሚሉት ዘንድ፣ በጂንካ ከምሽቱ 5፡20 ላይ የተወለደ በአማካዩ ማስተካከያ 4፡46 ስለሚሆን በአሳማ ሰዓትና በቀድሞው ቀን ይቆያል። በዘመን መለወጫም ተመሳሳይ የአንድ ቀን ወጥመድ አለ። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 12 ስለሆነ፣ ከዚያ ቀን እስከ የካቲት 21 ድረስ በተለመደው ሰንጠረዥ የተመለሰ ቀን ሁሉ በአንድ ይጎድላል፤ ከላይ የካቲት 4 ያልነውም በዚያ ዓመት የካቲት 3 ይሆናል።